በውጭ አገር የሚቀሰም የንግድ ሥራ አመራር ትምህርትና የመሪነት ብቃት፤ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንጻር

መግቢያ

እንደሚታወቀው ሁሉ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሰሜን ምዕራብና ከሰሜን የሚያዋስኑ ከተሞች ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በአዲሱ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከአንድ ትውልድ በፊት እህልና ድርቆሽ ይሰበሰብባቸው ከነበሩት ማሳዎች አብዛኛዎቹ ዛሬ ፋብሪካ፣ መጋዘንና መኖሪያ ቤት ተሠርቶባቸዋል። ስለዚህ የገበሬው ልጅ አባቱ የሚያወርሰው በሬና ማሳ የለውም፤ የሚወርሰው ቢኖር ትምህርትና ለመሬቱ የተከፈለው የካሣ ገንዘብ ነው።

በእነዚህ ከተሞች የሚያስተምር መምህር ልጄ ውጭ አገር ሄዶ የንግድ ሥራ አመራር ቢማር ይጠቀማል ወይ የሚል ጥያቄ ከወላጆች ሳይቀርብለት የሚቀር አይመስለንም። ጥያቄው ከምኞት ብቻ የመነጨ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። በአገር ውስጥ ያለው በር ሲጠብ ቤተሰብ ዓይኑን ወደ ውጭ ማማተሩ የሚጠበቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በውጭ አገር የሚቀሰም የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ሰውን መሪ የሚያደርገው መቼ እንደ ሆነ፣ መቼስ ሳያደርገው እንደሚቀር ከራሳችን ታሪክ በተወሰዱ ምሳሌዎች ማስረዳት ነው። አስቀድሞ ፍሬ ነገሩን ለመግለጽ ያህል፣ ትምህርቱ ፍሬ የሚሰጠው ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚያውቀው ሥራ፣ ሲመለስም የሚረከበው ኃላፊነትና የርክክብ ቀን ሲኖረው ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ዲግሪው በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ሆኖ የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው።

1. ትምህርቱ ምንድን ነው?

ብዙዎች ኤም ቢ ኤ እያሉ የሚጠሩት የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ ዲግሪ አመጣጡ የቅርብ ነው። በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ የታክ ትምህርት ቤትን እ.ኤ.አ. በ1900 ከፈተ፤ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም በ1908 ዲግሪውን ዛሬ በሚታወቅበት ስም መስጠት ጀመረ። በአውሮፓ በዚሁ መልክ የታወቀው የኢንሲያድ ትምህርት ቤት በፈረንሳይ የተቋቋመው በ1957 ነው። በአሜሪካ ትምህርቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ሲፈጅ በአውሮፓ ግን አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል።

የሚሰጡት ትምህርቶች የሒሳብ አያያዝ፣ የገንዘብ አስተዳደር፣ ገበያ ጥናት፣ የምርት ሥራ አመራር፣ የሠራተኛ አስተዳደርና የድርጅት ስልት ናቸው። እነዚህን በአገራችን ኮሌጆችም መማር ይቻላል። የታወቁትን የውጭ ትምህርት ቤቶች የሚለያቸው ዋናው ነገር የማስተማሪያው ዘዴ ነው። ይኸውም ለተማሪው አንድ ድርጅት በእውነት ያጋጠመውን ችግር የሚተርክ ከአሥር እስከ ሃያ ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ ይሰጠዋል። ጽሑፉ መልስ የለውም፤ የሚያስፈልገው መረጃም ሁሉ አልተሟላበትም። ተማሪው ሌሊቱን አጥንቶት ያድርና በማግሥቱ በጓደኞቹ ፊት እኔ የድርጅቱ ኃላፊ ብሆን ይህን እወስናለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው ብሎ ይከራከራል። ባልተሟላ መረጃ መወሰን፣ ለውሳኔው ኃላፊ መሆን፣ የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ የራስን ማረም የመሪነት ልምምድ መሆናቸው አይካድም።

ሆኖም ዘዴው አንድ ነገር አስቀድሞ ይጠይቃል፤ እርሱም ተማሪው ለክርክሩ ከራሱ ሕይወት የሚያመጣው ልምድ ነው። ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አብዛኛዎቹ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ጥቂት ዓመታት በሥራ ላይ የቆየ ሰው የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው የቼቭኒንግ የነፃ ትምህርት ዕድልም 2,800 ሰዓት ማለትም ሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለሆነም ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ወደዚህ ትምህርት መሄድ ከጅምሩ የማይገጥም ሐሳብ ነው።

2. ከታሪካችን የተወሰዱ ሦስት ምሳሌዎች

ሀ/ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ውጭ ተምረው ከተመለሱት ኢትዮጵያውያን ስለ ንግድና ስለ መንግሥት ገቢ በጥልቀት በማሰብ ቀደምት የሆኑት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1886 በአድዋ አካባቢ ተወልደው ገና በልጅነታቸው በምጽዋ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ በዚያም በጀርመንኛ ተማሩ። ከተመለሱ በኋላ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። ከባቡሩና ከጉምሩኩ የተመለከቱትን ይዘው ጥሬ ዕቃ እየሸጠ በእጅ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ዕውቀት ካላበጀ ለሌላው ገባር ሆኖ እንደሚቀር አስረዱ። ይህን ሐሳባቸውን የያዘው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ግን ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

እርሳቸው ዕውቀትም፣ በሥራ ላይ የተገኘ ልምድም ነበራቸው። የጎደለው ዕውቀታቸውን ተቀብሎ የሚያቆይ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ሲያርፉ የጀመሩትን የሚቀጥል ተተኪ በአጠገባቸው አልሠለጠነም። መጽሐፉ ቀረ፤ ሥራው ግን ተቋረጠ። አንድ ሰው ብቻውን ተምሮ ሲመለስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ለ/ የኢትዮጵያ አየር መንገድ

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1945 ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋለ፤ የመጀመሪያው በረራም በሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። በመጀመሪያ ዋና ሥራ አስኪያጁም፣ አብራሪዎቹም፣ መካኒኮቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያውያን እንዲተላለፍ ታስቦ ስለ ነበር ውሉ በየጊዜው ሲታደስ የርክክቡ ደረጃ ከፍ እያለ ሄደ። በ1966 ኢትዮጵያዊ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ፤ በ1970 የውጭው ኩባንያ ድርሻ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ከዚህ የምንረዳው ሠልጣኙ ምን እንደሚረከብ እያወቀ ሲማር ትምህርቱ ሌላ መልክ እንደሚይዝ ነው። ከአሜሪካዊው አለቃ ጎን ተቀምጦ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የሚመለከተው የነገ ሥራውን ነው። ስሕተት ሲያይ ይህ ነገ የእኔ ስሕተት ይሆናል ብሎ ያስተውላል። ሃያ አምስት ዓመት ረጅም ጊዜ ይመስላል፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ መንግሥታት ሲለዋወጡ በራሱ ሰዎች እየተመራ መቆየቱ ትዕግሥቱ በከንቱ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ሐ/ ከሰበታ የሚነሣው የምድር ባቡር

ሦስተኛው ምሳሌ ለሰበታ ተማሪዎች ከደጃቸው የሚገኝ ነው። ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ ወደብ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ተመረቀ፤ የንግድ አገልግሎቱም በጥር 2018 ተጀመረ። ባለንብረቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሲሆን ሥራውን እንዲያካሂዱ ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት ተቀጠሩ። በእነዚህ ዓመታት ኢትዮጵያውያን የባቡር ነጂዎችና ቴክኒሺያኖች በአገር ውስጥና በቻይና ሠለጠኑ፤ በግንቦት 2024 የሥራው አመራር ለባለንብረቶቹ ተላለፈ።

በዚህም የርክክብ ቀን የተወሰነለት ሥልጠና እናያለን። ልዩነቱ በጊዜው ርዝመት ነው፤ አየር መንገዱ ሃያ አምስት ዓመት የወሰደበትን ጉዳይ ባቡሩ በስድስት ዓመት እንዲፈጽም ተጠይቋል። ባቡር መንዳትን በስድስት ዓመት መማር ይቻላል። የጭነት ዋጋ መተመን፣ ከደንበኛ ጋር መዋዋል፣ የመለዋወጫ ዕቃ ግዥን ከውጭ ምንዛሪ ጋር ማመጣጠንና የብድር ዕዳ ማስተዳደር ግን የንግድ ሥራ አመራር ጉዳዮች ናቸው፤ እነዚህን ለመልመድ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ያስፈልጋል። ዛሬ በሰበታ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ይህ ድርጅት መሪዎች ይፈልጋል። የሚመራው ልጅ ከየት እንደሚመጣ ከአሁኑ ማሰብ የትምህርት ዕቅድ አካል ሊሆን ይገባል።

በዚሁ ከተማ የሚገኘው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። ፋብሪካው በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዲያጆ ለተባለው የብሪታንያ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2022 ደግሞ ወደ ፈረንሳዩ የካስቴል ቡድን ተዛወረ። ባለቤት በተለዋወጠ ቁጥር የሒሳብ አያያዙና የገበያው ስልት ይለወጣል፤ ምንጩ፣ መሬቱና ሠራተኛው ግን የሰበታ ናቸው። በእንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ የአካባቢው ልጅ ከማሽን ጀርባ ብቻ ሳይሆን ውሳኔ ከሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያም እንዲገኝ ከተፈለገ ባለቤቶቹ የሚነጋገሩበትን የሒሳብና የገንዘብ ቋንቋ ማወቅ ይኖርበታል። የውጭው ትምህርት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በዚህ ላይ ነው።

3. ከሥራ ሳይለዩ መማር

የውጭ ትምህርት ሲባል አውሮፕላን መሳፈር ብቻ ማለት አይደለም። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት የሚሰጠውን የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ ዲግሪ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ መንግሥት ከፍተኛ ባለ ሥልጣኖች በሥራ ላይ ሳሉ ተከታትለውታል። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ ዲግሪውን ያገኙት በ1995 ነው። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት አቶ ተወልደ ገብረ ማርያምም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ያገኙ ሲሆን፣ በአየር መንገዱ በትራንስፖርት ሠራተኝነት ጀምረው በሳውዲ አረቢያና በኒው ዮርክ በኃላፊነት ከሠሩ በኋላ ከ2011 እስከ 2022 ድርጅቱን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል።

የዚህ መንገድ ጥቅም ግልጽ ነው። ሠራተኛው ማታ ያነበበውን በማግሥቱ በቢሮው ይሞክረዋል፤ ያልሠራለትንም ለአስተማሪው ይጽፋል። ደመወዙ አይቋረጥም፣ ቤተሰቡም አይበተንም፤ መሥሪያ ቤቱም የሠለጠነ ሰው ከውጭ ሳይመለስ ይቀርብኛል ብሎ አይሰጋም። በአንጻሩ የሚጎድለው ነገር አለ፤ ከልዩ ልዩ አገሮች ከመጡ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት መከራከርና ባዕድ አገር ውስጥ ራስን ችሎ መኖር የሚሰጡት ብስለት በርቀት ትምህርት በቀላሉ አይገኝም።

ከሥራ ተለይቶ በሚደረግ ትምህርት ረገድ የጃፓን ልምድ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይሆነናል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትላልቅ የጃፓን ኩባንያዎች ወጣት ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ እየከፈሉ ወደ አሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች ይልኩ ነበር። ከተመለሱት መካከል ግን ወደ ቀድሞ ወንበራቸው ተመልሰው የተማሩትን የሚሠሩበት ኃላፊነት ያላገኙ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ኩባንያቸውን ትተው ወደ ሌላ ሄዱ። ወጪ ተከፍሎ፣ ሰው ሠልጥኖ፣ የሚቀመጥበት ቦታ ሳይዘጋጅለት ሲቀር የሚደርሰው ጉዳት በባለጠጋ አገርም ያው መሆኑን ልብ ይሏል።

4. የውጭው መጽሐፍ የማያውቀው ጉዳይ

መሪነት የሚፈተነው በአካባቢው ችግር ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል በወተት ላሞቿና በድርቆሿ የታወቀችውን ሱሉልታን እንውሰድ። በውጭ አገር የሚነበብ የገበያ ጥናት መጽሐፍ የወተት ፍላጎት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚያድግ ይገልጽ ይሆናል። የሱሉልታ ወተት አምራች ግን የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው፤ በ55 ቀን የዐቢይ ጾም የአዲስ አበባ ገዢ ይቀንሳል፣ ላሟ ግን ጾም አታውቅም። ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ ይመለሳሉ። በፋሲካ ማግሥት ደግሞ ገዢው ይበዛና ወተቱ ይጠፋል።

ይህን ችግር ለመፍታት ከውጭ የተማረ ሰው የሚያውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ ይጠቅማሉ። የላሞቹን የመውለጃ ጊዜ ከጾሙ ጋር ማመዛዘን፣ ትርፍ ወተቱን ወደ ቅቤና ወደ አይብ መለወጥ፣ ለቀዝቃዛ ማከማቻ የሚወጣው ገንዘብ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ማስላት፣ በማይጾሙ ደንበኞች ዘንድ ገበያ መፈለግ ይቻላል። የሒሳቡን ስልት ትምህርት ቤቱ ያስተምረዋል። ጥያቄውን ግን ይዞ መሄድ ያለበት ራሱ ነው። ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ተማሪ የሰው አገር ጥያቄ ተምሮ ይመለሳል።

በተጨማሪም መሪነት ከዲግሪ ውጭም እንደሚገኝ ለተማሪዎች ሳይሸሽጉ መንገር ተገቢ ነው። የሱሉልታ ሜዳ የሯጮች መለማመጃ ነው፤ በዚያ ከተለማመዱት ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ በውድድር ያገኙትን ገንዘብ በሆቴልና በስፖርት ማዕከል ላይ አውለው ሠራተኛ ቀጥረዋል። የሶል ሬብልስ ጫማ ድርጅት መሥራች ቤተልሔም ጥላሁንም ሒሳብ አያያዝ የተማረችው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እነዚህ ሰዎች ዓለምን ያወቁት በሥራቸው በኩል ነው። ሱሉልታ ራሷም የአፍሪካ አመራር ልህቀት አካዳሚ መገኛ ናት፤ ከአካዳሚው ደጅ የሚኖር ተማሪ መሪነት በባሕር ማዶ ብቻ የሚገኝ ነገር እንደ ሆነ አድርጎ እንዳያስብ መምህሩ ሊያሳስበው ይገባል።

5. የቤተሰቡ ሒሳብ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በአንድ ቤተሰብ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለመረዳት በቡራዩ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። ማሳው ለከተማ ሥራ ተወስዶበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅና ምትክ ለማያገኝ ባለይዞታ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል። ስለዚህ ይህ ገበሬ የያዘው ገንዘብ የአሥራ አምስት ዓመት እንጀራ ነው። በአንድ ቀን መከፈሉ ብዙ ያስመስለዋል እንጂ ከማሳው ሌላ የሚተካው የለም።

አሁን ልጁን ውጭ አገር ለማስተማር ተነሣ እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህም ማለት 10,000 ዶላር የሚጠይቅ ክፍያ ከ570,000 ብር ተነሥቶ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ካሣው የተከፈለው በብር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ክፍያ የሚጠየቀው በዶላር ወይም በፓውንድ ነው። በዚህ ላይ የመኖሪያ፣ የምግብ፣ የጉዞና የቪዛ ወጪ ይጨመራል። ልጁ ትምህርቱን ሳይጨርስ ገንዘቡ ቢያልቅ ቤተሰቡ መሬቱንም፣ ካሣውንም፣ ዲግሪውንም ያጣል።

ስለሆነም መምህራን ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የሚሰጡት ምክር ከሚከተለው ቅደም ተከተል ቢነሣ መልካም ነው። በመጀመሪያ ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪውን በአገሩ ይጨርስ። ቀጥሎ ጥቂት ዓመታት ሥራ ላይ ይቆይና የሚማርበትን ጥያቄ ያግኝ። ከዚያም ሙሉ ወጪውን ለሚሸፍን የነፃ ትምህርት ዕድል ይወዳደር። ቼቭኒንግም ሆነ የአሜሪካው ፉልብራይት ያለ ካሣ ገንዘብ የሚያስተምሩ ናቸው፤ ሁለቱም ተማሪው ከትምህርቱ በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳሉ። ይህ ግዴታ ብዙውን ጊዜ እንደ ሸክም ይቆጠራል፤ ነገር ግን ከላይ የጠቀስነውን የመመለሻ ቀን የሚያኖረው እርሱ ነው። የካሣው ገንዘብ ደግሞ የሚሸጥ ነገር በሚሰጥ ሥራ ላይ ቢውል ምናልባት ልጁ ሲመለስ የሚመራው ድርጅት ይሆናል። ገንዘብ ተቀብሎ የትምህርት ቤት ቅበላ እናስገኛለን የሚል ደላላ ሲመጣ፣ የትምህርት ቤቱን እውቅና በአገሩ የትምህርት ባለሥልጣን ሳያረጋግጡ አንድ ሳንቲም መክፈል አይገባም።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርቡ ሐሳቦች

ሀ/ ለመምህራን። የንግድ ትምህርት ቤቶች ከሚቀበሏቸው ፈተናዎች ዋነኛው ጂማት የተባለው ነው። በአሁኑ መልኩ ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ሲሆን በሒሳብ፣ በንባብና በመረጃ ትንተና ሦስት እኩል ክፍሎች ተከፍሎአል። የሒሳቡ ክፍል ከሁለተኛ ደረጃ የአሃዝና የአልጀብራ ትምህርት አያልፍም፤ የሚያስቸግረው በአጭር ጊዜ አጥርቶ ማሰብን መጠየቁ ነው። ስለዚህ ለዚህ ፈተና የሚደረገው ዝግጅት የሚጀመረው በ9ኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው በመጨረሻው ዓመት የሚደረግ ጥድፊያ አያዛልቅም።

የኢኮኖሚክስ መምህርም ከላይ የገለጽነውን የማስተማሪያ ዘዴ ያለ አንዳች ወጪ በክፍሉ ሊሞክረው ይችላል። የሰፈር ዕድር የሒሳብ መዝገብ፣ የወላጆች ዕቁብ፣ የሱሉልታ ወተት በጾም ወራት፣ ከሰበታ ባቡር ጣቢያ ጭነት የሚያወጣና የሚያስገባ ነጋዴ የሚከፍለው ዋጋ ሁሉም በሁለት ገጽ ሊጻፉ የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው። ተማሪዎቹ ያንብቡ፤ ይከራከሩ፤ እያንዳንዱም ውሳኔውን ከነምክንያቱ ጽፎ ያቅርብ። ዕድርና ዕቁብ በአባልነት፣ በዳኝነትና በጸሐፊነት የሰውን ገንዘብ በታማኝነት መጠበቅ የሚለመድባቸው ማኅበራት መሆናቸውን ተማሪው ቢያስተውል፣ የመሪነትን ሀሁ ለመቁጠር ባሕር መሻገር እንደማያስፈልገው ይረዳል።

ለ/ ለዕቅድ አውጪዎች። ለውጭ ትምህርት የሚመረጥ ሠራተኛ ወይም ወጣት ስሙ ከመጻፉ በፊት ሲመለስ የሚረከበው የሥራ ኃላፊነት ቢጻፍ፣ ምርጫው ከዝምድናና ከዕድል ይልቅ በሥራው ፍላጎት ላይ ይመሠረታል። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ብቻውን ከመላክ ይልቅ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በልዩ ልዩ ዓመት ቢላኩ፣ የተመለሰው ሐሳቡን የሚካፈለው ባልደረባ ያገኛል፤ በነጋድራስ ገብረ ሕይወት ላይ የደረሰው ብቸኝነት አይደገምም። ሦስተኛ፣ በከተሞቹ ፋብሪካ ለመክፈት ከሚመጡ የውጭ ባለሀብቶች ጋር በሚደረገው ውል፣ የአስተዳደር ሥራ ወደ አገር ልጆች የሚተላለፍበት ደረጃና ቀን ቢወሰን የአየር መንገዱ ልምድ ይስፋፋል። አራተኛ፣ የርቀት ትምህርት የሚከታተል ሠራተኛ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለንባብ ቢፈቀድለት፣ ወጪው ሰውን ባሕር ማዶ ከመላክ እጅግ ያነሰ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው በውጭ አገር የሚቀሰም የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ለአገር የሚጠቅም ዕውቀት ነው። በባልተሟላ መረጃ መወሰንን ያለማምዳል፤ ድርጅቶች በዓለም ዙሪያ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ያስተምራል። ነገር ግን መሪ የሚያደርገው ብቻውን አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ዕውቀት ነበራቸው፣ የሚቀጥል ድርጅት ግን አልነበራቸውም። አየር መንገዱ ድርጅትም የርክክብ ቀንም ስለ ነበረው በራሱ ሰዎች ሊመራ ቻለ። ከሰበታ የሚነሣው ባቡር ደግሞ ይህንኑ መንገድ በአጭር ጊዜ እየተጓዘ ነው፤ ውጤቱም የሚታየው ዛሬ በክፍል ውስጥ ተቀምጠው በሚገኙት ልጆች ነው።

እንግዲህ ወላጅ ልጄን ውጭ ልላከው ወይ ብሎ ሲጠይቅ የመምህሩ የመጀመሪያ መልስ አዎን ወይም አይሆንም መሆን አይገባውም። ልጅዎ የትኛውን ሥራ ያውቃል፣ ምን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል፣ ተመልሶስ ምን ይረከባል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የተገኘለት ልጅ ቢሄድ ይጠቀማል። መልስ ያልተገኘለት ልጅ ግን ጥቂት ይቆይ፤ ለአሥራ አምስት ዓመት እንጀራ ተብሎ የተከፈለው ገንዘብም በቤተሰቡ እጅ ይቆይለት።